እግርህን አንሳ

ቂርያት ማልአኪ፣ ከገበያው ጀርባ፣
በጓሮ በር በኩል ማለዳ ስገባ፣
መብራት አበራለሁ፣ ባልዲ እሞላለሁ፣
ከመደርደሪያው ላይ አቧራ አነሣለሁ።
ፊደል ያልቆጠርኩ ነኝ፣ በግራም በቀኝም፤
ክብደታቸውን እንጂ ስማቸውን አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ዝሃቫ፣ የቤቱ ኀላፊ፣
ካርቶን ሰጠችኝና «ወስደሽ ገንዳ ድፊ!»
እኔ ግን ልጅ ሳለሁ አይቻለሁ አባቴን፣
ከመንገድ ሲያነሣ የተጻፈ ብጣቂን፣
በጎጆው ግድግዳ ስንጥቅ ሲወሽቀው፤
እንዴት አድርጎ ነው እጄ የሚጥለው?
አንዱን፣ ሽፋን አልባውን፣ በጨርቅ ጠቅልዬ
ወደ ቤት ወሰድኩት፣ ሌባ መስዬ።

ልጄ ኤልያሳፍ፣ ዐሥራ አምስት ዓመቱ፣
ከስልኩ ብርሃን ነው የሚታየኝ ፊቱ፤
ሁለት ቃል ይሰጠኛል፣ በቀን፣ ቆጥሮ፦
«ራበኝ» እና «ተይኝ»፣ በሩን ቀርቅሮ።
በዚያ ሳምንት ስልኩ ኳስ ሜዳ ላይ ወድቆ
መስታወቱ ረገፈ። ደመወዜ ርቆ
«ሦስት ሳምንት ጠብቅ» አልኩት። ተነጫነጨ፣
ተንጎራደደ፣ ተጋደመ፣ አፏጨ፤
ኋላ፣ ከመሰልቸት፣ ያን መጽሐፍ ገለጠ።

ሁለተኛው ቀን ሾርባው ቀዘቀዘ።
በሦስተኛው ሌሊት ከበሩ ሥር ብርሃን።
«አጥፋ፣ ቆጣሪው ይሮጣል!» ልል ሄጄ
ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁት፤
መብራቱን ትቼ ተመለስኩ።

በማግስቱ «ኢማ፣ ስሚኝ» ብሎ አስቀመጠኝ፤
ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ እያነከሰ ተረከልኝ፦
ወንዝ ዳር የሚኖር አንድ «የውሃ ሾፌር»
(ጀልባ ቀዛፊ ማለቱ ነበር)፣
ታናሽ ወንድሙ ጨው ሊያመጣ ሄዶ የቀረበት፤
ያኔ «አትሂድ» ባለማለቱ…
ቃሉ ጠፋው። ደረቱን በጣቱ ነካ፤
«እዚህ ጋ የሚበላ ነገር» አለ።
«ጸጸት» አልኩት።
ጸጸት፣ ጸጸት፣ ጸጸት፣
አለ፣ መልስ ሳንቲም እንደሚቆጥር።

ከዚያ ቀዛፊው ገመዱን ፈታ፤
ወረቀቱም እዚያ ላይ አለቀ።
የመጨረሻዎቹን ገጾች ማን እንደገነጠላቸው እንጃ።
ልጄ ተናደደ፤ «ያገኘዋል፣ በሕይወት አለ» ብሎ ደመደመ።
«አይመስለኝም» አልኩ።
«አንቺ በምን አወቅሽ?»

አርባ ዓመት ከምላሴ ሥር የያዝኩትን
አወጣሁት፦ ወንድሜን፣ አዛናውን፤
ገዳሪፍ ላይ፣ ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ ውሃ ሊቀዳ እንደሄደ፣
መኪናው በሌሊት መጥቶ እኛን ይዞ እንደነጎደ።
«ለምን አልጠበቃችሁትም?» ይለኛል ብዬ ስፈራ
ልጄ የጠየቀኝ፦ «ምን ለብሶ ነበር?»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ እኔ አላስተማርኩትም፤
ትምህርት ቤቱም፣ ስልኩም አላስተማሩትም።
አረንጓዴ ሹራብ ነበር፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ።
እስከዚያች ማታ ድረስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሐሙስ ወለል ስወለውል፣ ከጠረጴዛ ሥር
ሁለት ትልልቅ ጫማ።
ቀና ሳልል «እግርህን አንሳ» አልኩ።
«እሺ ኢማ» አለ ጫማው።
ዝሃቫ ካርድ ጽፋለታለች፤ በመነጽሯ አናት ታየኛለች።
እጁ ላይ ያው መጽሐፍ፣ ምንም ያልጎደለው።
ስልኩ ተሠርቷል፤ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤
አንዴ አየው፣ መልሶ ከተተው።
መወልወያዬን ተደግፌ «እና? አገኘው?» አልኩ።
ጣቱን በገጹ መሐል አድርጎ ዘጋው፦
«አልነግርሽም፤ ራስሽ አንብቢው!»

ባለጌ! ለእናቱ!
ይኸው በሃምሳ ዓመቴ አቧራ ሳራግፍ
ከመጽሐፍ ጀርባ ፊደል እለቅማለሁ።
ላሜድ ላይ ደርሻለሁ፣ ዐሥራ ሁለተኛዋ፤
አንገቷ ረዥም ነው፣ ከጎረቤቶቿ በላይ የምታይ።
የዝሃቫን ኮቴ ስሰማ ባልዲዬን አንሥቼ
የምሠራ እመስላለሁ።
ሰውየው ገመዱን እንደፈታ ነው፤
ጀልባው ገና አልሄደም፣ እየጠበቀኝ ነው።